ጊታሯን ይዤ ወደ ተሠራችበት ዳገት

ቀን 1፣ ማድሪድ

ከአዲስ አበባ ስነሳ ክሮቹን ሁሉ አላልቼ፣ አንገቷ ሥር በአራት የታጠፈ ነጠላ ደግፌ ነበር ሳጥኗ ውስጥ ያስተኛኋት። አውሮፕላኑ ላይ የዕቃ ማስቀመጫው ስለጠበባት አንዲት አስተናጋጅ ወስዳ ኮት የሚሰቀልበት ቦታ አቆመችልኝ። ማድሪድ ሆቴሌ ገብቼ መጀመሪያ ያደረግሁት ሳጥኑን ከፍቶ ማየት ነው። ስንጥቁ አልባሰበትም። ክሮቹ ደረቷ ላይ ከሚታሰሩበት ድልድይ ሥር ተነሥቶ እስከ ታችኛው ጠርዝ የሚወርደው መስመር፣ በላዩም እንደ ደረቀ ማር የተጋገረው ማጣበቂያ፣ እንደነበሩ አሉ።

ይህች ጊታር የአጎቴ ነበረች። አጎቴ በወጣትነቱ መርከበኛ ነበር። በ1971 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) መርከባቸው ማላጋ ወደብ ለጥገና በቆመችበት ሰሞን አውቶቡስ ተሳፍሮ ግራናዳ ወጣ፤ የሁለት ወር ደመወዙን ለእሷ ከፍሎ ተመለሰ። እኔ ልጅ ሳለሁ ቅዳሜ ማታ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ትዝታን ሲጫወትባት መንደሩ ዝም ይል ነበር። ውስጧ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ከተማው፣ ዓመቱና «ኩዌስታ ዴ ጎሜሬስ» የሚል የመንገድ ስም ተጽፏል። ጣቶቹ አልታዘዝ ሲሉት «ያዛት፤ ግን ሳትነካት አትሰንብት» ብሎ ሰጠኝ።

እሱ ካረፈ በኋላ በአንድ ታኅሣሥ ደረቷ ተሰነጠቀ። ምክንያቱን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። እንጨት ከተቆረጠ ከብዙ ዓመት በኋላም እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ አየሩ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ የሚኮማተረውም በቁመቱ ሳይሆን በወርዱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የበጋ አየሯ የሰው ከንፈር ይሰነጥቃል። ዙሪያውን የተጣበቀ ስስ ጣውላ ልኮማተር ሲል መሄጃ ያጣና መሐሉ ላይ ይተረተራል። ደንግጬ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኳት። ከሁለት ቱቦ ተቀላቅሎ እንደ ድንጋይ በሚደርቅ ማጣበቂያ ደፈኑልኝ። ስንጥቁ ተዘጋ፤ ድምፅዋ ግን ጉንፋን እንደያዘው ሰው ታፈነ። ለአራት ዓመት ይህን ድምፅ ስሰማ ኖርኩ፤ በመጨረሻ ወደ ተሠራችበት መንገድ ልመልሳት ቆረጥኩ።

ማታ በእግሬ ወደ መሐል ከተማ ወጣሁ። ማድሪድ የጊታር ሠሪዎች ከተማ ናት፤ የራሚሬዝ ቤተሰብ ከ1882 ጀምሮ እዚህ ሠርቷል። ከዚህ ቤተሰብ ታሪክ የምወደው በ1912 የሆነውን ነው። ገና 19 ዓመት የሆነው፣ በኋላ ዓለም ያወቀው የጊታር ተጫዋች አንድሬስ ሴጎቪያ ማኑኤል ራሚሬዝ ሱቅ ገብቶ ለአንድ ምሽት ዝግጅት ጊታር በኪራይ ጠየቀ። ሲጫወት የሰማው ባለሱቅ ምርጧን ጊታር ያለ ገንዘብ ሰጠው። ሴጎቪያ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ በእሷ ዓለምን ዞረ፤ ዛሬ ኒውዮርክ በሚገኘው የሜትሮፖሊታን ሙዚየም ተቀምጣለች። በወረቀቷ ላይ ያለው ስም የራሚሬዝ ነው፤ በእጁ የሠራት ግን የሱቁ ሠራተኛ ሳንቶስ ኤርናንዴስ እንደሆነ ይነገራል። የእኔም ጊታር ውስጥ ያለው ስም የባለቤቱ ይሁን የሠሪው፣ ነገ ከነገ ወዲያ አውቅ ይሆናል እያልኩ ተኛሁ።

ቀን 2፣ መንገድ

ባቡሩ ከአቶቻ ጣቢያ ተነሥቶ ከሦስት ሰዓት በላይ ወደ ደቡብ ተጓዘ። የወይራ ዛፍ፣ አሁንም የወይራ ዛፍ፣ በረድፍ ተሰልፎ ኮረብታውን ወጥቶ የሚወርድ የወይራ ዛፍ። ከዚያ የሴራ ኔቫዳ ተራሮች በረዶ ታየ፣ ግራናዳም ደረስን።

ግራናዳ ማለት በስፔንኛ ሮማን ማለት ነው። ከተማዋ አርማዋ ስላደረገችው በየመንገዱ ዳር የተተከሉት አጫጭር የብረት ምሰሶዎች ሳይቀሩ ጫፋቸው ላይ የሮማን ቅርጽ አላቸው። ኩዌስታ ዴ ጎሜሬስ ፕላሳ ኑዌቫ ከሚባለው አደባባይ ተነሥቶ አልሐምብራ ወደሚባለው ጥንታዊ ቤተ መንግሥት የሚወጣ ጠባብ ዳገት ነው። ጫፉ ላይ ሦስት የድንጋይ ሮማኖች ያረፉበት የ16ኛው ክፍለ ዘመን በር አለ። ጎብኚው ሁሉ ወደዚያ ሲጣደፍ እኔ ግራና ቀኝ የተደረደሩትን የጊታር ሠሪዎች በሮች እያየሁ ቀስ ብዬ ወጣሁ። ሸማ ተራ ሽመናን እንደሚያስታውስ ሁሉ ይህ ዳገት በስፔን ጊታርን ያስታውሳል። አጎቴ በ22 ዓመቱ እዚህ ድንጋይ ላይ ሲራመድ ለማየት ሞከርኩ፤ የታየኝ ግን በረንዳው ላይ ያለው ሽማግሌ ብቻ ነበር።

ቀን 3፣ ሱቁ

በወረቀቷ ላይ ያለው ቁጥር ያለበት ቤት ዛሬ የመታሰቢያ ዕቃ መሸጫ ሆኗል። ባለቤቷ ጊታሩን ባየች ጊዜ ሳታመነታ ወደ ሌላ በር ጠቆመችኝ።

ሁለት ደረጃ ወርጄ ገባሁ። ከዓይኔ በፊት ያወቀው አፍንጫዬ ነው፤ የልጅነት ትምህርት ቤቴን አጥር ሸተተኝ። ቤቱ ሙሉ በሙሉ የፈረንጅ ጥድ ይሸት ነበር። ለካ ፍላሜንኮ ለሚባለው የደቡብ ስፔን ሙዚቃ የሚሠራ ጊታር ጎንና ጀርባው የሚሠራው ከዚህ ዛፍ የሥጋ ዘመድ ነው። የእነሱ የሜዲትራኒያኑ ዝርያ፣ በእኛ ሰፈር ያለው የሜክሲኮው፤ ሽታው ግን የአንድ ቤተሰብ መሆናቸውን ይናገራል። የእኔም ጊታር ከዚሁ እንጨት ነው የተሠራችው። ድሮ የፈረንጅ ጥዱ ሮዝውድ ከሚባለው እንጨት ይረክስ ስለነበር ገንዘብ ያጠራቸው የፍላሜንኮ ተጫዋቾች ያዘወትሩት ነበር፤ መርከበኛው አጎቴም አቅሙ የፈቀደው እሱን ነው።

ጊታር ሠሪው ሽማግሌ ሰማንያ ሊሞላቸው አንድ ዓመት ቀርቷቸዋል። በአሥራ ሁለት ዓመታቸው ሰጋቱራ ጠራጊ ሆነው ነው የገቡት። በስፔን እንደ ልማዱ ሁሉም ሰው «ማኤስትሮ»፣ የሙያው መምህር፣ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው አልኳቸው። አብራቸው የምትሠራው ልጃቸው እንግሊዝኛ ስለምትችል አስተርጓሚያችን ሆነች።

ጊታሯን ተቀብለው አልተጫወቱባትም። በመጀመሪያ ቀዳዳዋ ላይ ተጎንብሰው አሸተቷት። ቀጥለው በጣታቸው መገጣጠሚያ ደረቷን ከዳር እስከ ዳር እየቆረቆሩ አዳመጡ፤ የበሰለ ሐብሐብ የሚመርጥ ሰው ይመስሉ ነበር። ከዚያ የጥርስ ሐኪም መስታወትና ትንሽ መብራት ከትተው ረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ማነው ይህን ያደረገው?» አሉ፣ ጣታቸው ማጣበቂያው ላይ ነው።

«በአገሬ ያለ ሰው ነው፤ ክፉ አስቦ አይደለም።»

«አውቃለሁ ልጄ። ክፉ ያሰበ ሰው ዳሩን እንዲህ አያጸዳውም። ግን ከእሱ በኋላ የሚመጣውን ሰው አላሰበውም።»

ትርጉሙ ያን ጊዜ አልገባኝም። ደረቷን ከውስጥ ደግፈው ከያዙት ሰባት ስስ ዘንጎች ሁለቱ ከቦታቸው ለቀዋል፤ ማጣበቂያውም ወደ ውስጥ ፈሶ ሦስተኛውን ቀፍድዶታል። በቀዳዳው በኩል እጅ ከትቶ የሚሠራ አይደለም፤ ጀርባዋ መነሣት አለበት አሉኝ። አንገቷን ነቅሎ መግባትም አይቻልም። በስፔን አሠራር አንገትና ጎን በብሎን አይያያዙም፤ ጎኖቹ ራሱ የአንገቱ ተረከዝ ውስጥ በተሰነጠቀ ቦታ ተሰክተው ነው የሚያያዙት። ለአሥር ቀን ያህል ሥራ ነው። የአጎቴን ጊታር ሲከፍቷት ልቆም? ቆሜ ልይ አልኩ።

ቀን 4፣ መክፈት

ጠዋት ሱቁ ውስጥ ውሃ ያለበት ድስት፣ በውሃው ውስጥ ደግሞ ትንሽ ድስት ምድጃ ላይ ተጥዷል። በትንሹ ድስት ያለው የቆዳ ማጣበቂያ ነው። ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ቡናማ ፍርፋሪ ሌሊቱን በቀዝቃዛ ውሃ ሲነከር ያድርና በእንፋሎት ቀስ ብሎ ይቀልጣል። ሙቀቱ 60 ዲግሪ አካባቢ እንዲሆን ይፈለጋል፤ ከፈላ ጉልበቱን ያጣል። የቅቅል ሽታ አለው።

ማኤስትሮ በመጀመሪያ የጠርዟን ጌጥ እንጨት አነሡ። ቀጥለው እንደ ቅቤ ቢላ የደነዘ ስስ ቢላ እሳት ላይ አሙቀው፣ ጫፉን በውሃ አርጥበው፣ ጀርባና ጎን በሚገናኙበት መስመር ላይ አስገቡ። አልገፉም፤ ቢላዋን አስቀምጠው ይጠብቃሉ። ከዚያ «ጪቅ» የሚል፣ ከጆሮ ይልቅ በጣት የሚሰማ ድምፅ ይመጣል፤ ቢላዋ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይገባል። እንደገና ማሞቅ፣ እንደገና መጠበቅ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ጀርባዋ ሲነሣ ከሃምሳ ዓመት በላይ ተዘግቶ የኖረ የእንጨት ሽታ ወጣ፤ ሦስታችንም ለጥቂት ጊዜ ምንም አልተናገርንም።

ማኤስትሮ ያነሡትን ጀርባ ብርሃን ላይ ይዘው ዳሩን አሳዩኝ። አንዲት የእንጨት ስንጣሪ አልጎደለችም። የቆዳ ማጣበቂያ ሲደርቅ ከእንጨቱ ራሱ በላይ ይጠነክራል፤ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ ደግሞ ይለቃል። «ይህን የሠራው ሰው አንድ ቀን እንደምትከፈት ያውቅ ነበር» አሉ ማኤስትሮ። «ለእኔ ነው ያጣበቃት።» የትናንቱ ንግግራቸው ያኔ ነው የገባኝ።

አገር ቤት ያለው ክራሬ ትዝ አለኝ። የክራር ቆዳ በገበቴው ላይ የሚወጠረው በጠፍር ነው፤ ቆዳው ሲያልቅ ጠፍሩ ይፈታና በሌላ ይተካል፣ ገበቴው ለልጅ ልጅ ይቀራል። የእኛም ሠሪዎች ይህን ያውቁት ነበር ማለት ነው። በከተሞቻችን ስንትና ስንት የጊታር ተጫዋች እያለን በአግባቡ የሚጠግን ሰው ማግኘት ለምን እንዲህ ከባድ ሆነ የሚለው ጥያቄ ሲቆረቁረኝ ዋለ። ጊታር ስንገዛ እንደ ዕቃ ነው የገዛናት፤ የመክፈቻዋን ዕውቀት አብረን አላመጣንም።

ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ከደረቷ ውስጠኛ ገጽ አንድ ነገር አየችና አባቷን ጠራች። ከአራተኛው ዘንግ ጎን፣ በደረቀ የማጣበቂያ ጠብታ ላይ፣ የአውራ ጣት አሻራ ታትሟል። መስመሮቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ሠሪው ዘንጉን ሲጫን አንሸራትቶት መሆን አለበት። አውራ ጣቴን አጠገቡ አድርጌ አየሁት፤ ከእኔ ይሰፋል። የማን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። የዚያ ሱቅ ባለቤት ብዙ ሠራተኞች እንደነበሩት ነገሩኝና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከወረቀቱ ስም በላይ ይህ አሻራ ለእኔ ይበልጥብኛል።

ቀን 5 እና 6፣ መፋቅ

ስለ እነዚህ ሁለት ቀናት የምለው ጥቂት ነው፤ ልጅቷ በማጉያ መነጽር ተጎንብሳ የቱቦውን ማጣበቂያ በስለት ስትፍቅ ዋለች። ውሃ አያላቅቀውም። በሙቀት ጥቂት ይለሰልሳል፤ ሲነሣ ግን የእንጨቱን ጭረት ይዞ ይነሣል። በእያንዳንዱ ፍቅፋቂ ውስጥ የአጎቴ ጊታር እንጨት እንዳለበት እያየሁ መቀመጥ ከብዶኝ ወደ ማኤስትሮ ጠረጴዛ ዞርኩ።

እሳቸው አዲስ ደረት እያሳሱ ነበር። እንጨቱ ስፕሩስ የሚባል የአልፕስ ተራራ ዛፍ ነው። ቅዝቃዜ ላይ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ጭረቱ እንደ ጥልፍ ክር የተጠጋጋ ነው። ግንዱ በራዲየሱ ተሰንጥቆ፣ እንደ መጽሐፍ ተገልጦ፣ ሁለቱ ገጾች ጎን ለጎን ይጣበቃሉ። በመላጊያ አንዴ ይስባሉ፤ ቅጠል የመሰለ ፍቅፋቂ ይወድቃል። ከዚያ ጣውላውን በሁለት ጣት አንጠልጥለው ጆሯቸው አጠገብ ይቆረቁሩታል፣ በወርዱ ያጎብጡታል፣ እንደገና ይስባሉ። ውፍረቱ ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ ወደ ዳር ይሳሳል። መለኪያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ አንዴም አላወረዱትም።

መቼ እንደሚያቆሙ ጠየቅኋቸው። መልስ ሳይሰጡ ጣውላውን እጄ ላይ አስቀመጡና አጎብጠው አሉኝ። አጎበጥኩት። ሌላ፣ በመለኪያ ውፍረቱ እኩል የሆነ ጣውላ ሰጡኝ። ይህኛው አልታጠፍም አለ። ከአንድ ግንድ የወጡ ሁለት ጣውላዎች እንኳን ጥንካሬያቸው አይመሳሰልም፤ ስለዚህ በቁጥር ብቻ የሚሠራ ሰው አንዱን አሳስቶ ያደክመዋል፣ ሌላውን አወፍሮ ዲዳ ያደርገዋል። ለሦስተኛ ጊዜ ሳጎብጠው መዳፌ ላይ አንድ ነገር የተሰማኝ መሰለኝ። ምናልባት ተሰምቶኛል።

ቀን 7፣ አልሜሪያ

የተጣበቁት ዘንጎች እስኪደርቁ አንድ ቀን አገኘሁ። በአውቶቡስ ወደ ባሕሩ ወርጄ ከሁለት ሰዓት ጉዞ በኋላ አልሜሪያ ገባሁ። የዛሬዋን ጊታር መልክ የሰጣት አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ በ1817 የተወለደው በዚህች ከተማ ዳርቻ ነው። አናጢ ነበር። የጊታርን ሆድ አሰፋ፣ የክሩን ርዝመት ዛሬም በምንጠቀምበት 65 ሴንቲ ሜትር ላይ አረጋ፣ ከደረቱ ሥርም እንደ ማራገቢያ የተዘረጉትን ሰባት ዘንጎች አስተካክሎ አቆማቸው። የአጎቴ ጊታር ሰባት ዘንጎች የልጅ ልጆቹ ናቸው።

በ1862 ቶሬስ ጎኗንና ጀርባዋን ከካርቶን የሠራት ጊታር አለች፤ ደረቷ ብቻ እንጨት ነው። ድምፁን የሚወልደው ደረቱ መሆኑን ለማሳየት ነው ያደረገው። አሁን ባርሴሎና ባለው የሙዚቃ ሙዚየም ስለምትገኝ በዚህ ጉዞ አላየኋትም። በአልሜሪያ በስሙ የተሰየመውን የጊታር ሙዚየም ግን ዞሬ አየሁ። በዕድሜው ማምሻ ያወቀው አንድ ቄስ እንደተናገረው፣ ምሥጢሩን ለሰው እንዲያስተላልፍ ቢጠየቅ አውራ ጣቱንና ጠቋሚ ጣቱን አፋትጎ ምሥጢሩ በእነዚህ ጫፎች ስላለ ከእርሱ ጋር ወደ መቃብር እንደሚወርድ መለሰ። በ1892 ሞተ። ትናንት መዳፌ ላይ ያለፈውን ነገር እያሰብኩ ባሕሩ ዳር ረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። በአንድ ነገር ግን ከቶሬስ ጋር አልስማማም፤ ልጅቷ ከአባቷ ጠረጴዛ አጠገብ ሃያ ዓመት መቀመጧ ያለ ምክንያት አይደለም።

ቀን 9፣ መዝጋት

ስንጥቁ ውስጥ የምትገባ እንደ ሣር የቀጠነች የስፕሩስ ስንጣሪ ጠርበው አስገቡ። ከሥሩም ጭረታቸው ስንጥቁን የሚያቋርጥ ትናንሽ አልማዝ ቅርጽ ያላቸው እንጨቶች ለጠፉ። ትርፉን ማጣበቂያ ልጅቷ በሙቅ ውሃ በነከረችው ጨርቅ ጠረገች። አራተኛው ዘንግ ጋ ስትደርስ እጇን አንሥታ አሻራውን ዘላ አለፈች። ማንም አልነገራትም።

ከመዝጋታቸው በፊት ማኤስትሮ እርሳስ አንሥተው ከአንዱ እንጨት አጠገብ ወሩንና ዓመቱን ጻፉ፤ ከሥሩም «የቆዳ ማጣበቂያ» ብለው ጨመሩ። ከዚያ ጀርባዋ ተመልሶ ተጋጠመ፤ ዙሪያውንም በረጅም ገመድ ጠመጠሟት። ገመዱ ሲጠብቅ ማጣበቂያው እንደ ላብ በጠርዙ ወጣ። እንደታሰረች አደረች።

ቀን 11፣ ማጥራት

በተነካው ጠርዝ ላይ ሼላክ ቀቡላት። ሼላክ በእስያ አንዲት ትንሽ ነፍሳት ዛፍ ላይ የምታወጣው ሙጫ ነው፤ በአልኮል ይሟሟል። ጥጥ በጨርቅ ጠቅልለው «ሙኜካ» ይሉታል፣ አሻንጉሊት ማለት ነው፤ በእሱ ክብ ክብ እያዞሩ ይደርቡታል፣ ሳያቆሙ፣ ካቆሙ ይጣበቃልና። ይህም ቢሆን የሚታደስ ነው፤ አዲሱ አልኮል አሮጌውን ቅብ አሟሙቶ ከራሱ ጋር ያዋሕደዋል።

ቀን 12፣ ክር

ማኤስትሮ ክሮቹን ራሳቸው አሰሩ። እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ የጊታር ቀጫጭን ክሮች እንደ ድሮው ክራራችን ከጅማትና ከአንጀት ይሠሩ ነበር፤ በጦርነቱ አንጀቱ ሲጠፋ ነው ናይሎን የተተካው። ቃኝተው ሰጡኝና «እዚያ ቤት ስትጫወት የኖረችውን አሰማኝ» አሉ።

ትዝታን ጀመርኩ። ሁለተኛው ሐረግ ላይ የታችኛው ክር በረንዳው ላይ እንደነበረው ረጅም ሆኖ ወጣና እጄ ቆመ። እንደገና ጀምሬ እስከ መጨረሻው ተጫወትኩ። ማኤስትሮ ዓይናቸውን ጨፍነው አውራ ጣታቸውን ጀርባዋ ላይ አድርገው ነበር።

ከእንግዲህ ሳጥኗ ውስጥ እርጥበት መለኪያ እንዳኖር፣ ከ45 በመቶ ሲወርድ እርጥብ ስፖንጅ በተበሳ ሳሙና ማስቀመጫ እንዳደርግላት ነገሩኝ። ዳገቱን ወርጄ አደባባዩ ልደርስ ስል ልጅቷ ከኋላዬ እየሮጠች መጣች። የማርማላታ ብልቃጥ እጄ ላይ አኖረች፤ ውስጡ ቡናማ ፍርፋሪ ሞልቷል። «እዚያ ለሚከፍታት ሰው» አለችኝ፤ ከውሃው ጋር የሚቀላቀልበትን ልክ በወረቀት ጽፋ ክዳኑ ላይ ለጥፋለች።

ማድሪድ ባራሐስ አውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻው ላይ ብልቃጡን ከፈቱት። ጠባቂው አሸተተና ምንድን ነው አለኝ። ማጣበቂያ መሆኑን ነግሬ የጊታሯን ሳጥን ከፈትኩለት። ወደ ቀዳዳው ጎንበስ ብሎ በእጅ ባትሪው ውስጧን አየ፤ ክዳኑን መልሶ ገጠመና አሳለፈኝ።